የሂልዴጋርድን ዜማ እንዴት እናዳምጥ? የመካከለኛው ዘመን መነኮሳይያት ዝማሬ ለጀማሪ አድማጭ

መብራት የጠፋበት ማታ ነበር። ስልኬ ላይ ትንሽ ቻርጅ ቀርታለች። ከወራት በፊት አውርጄ የረሳሁትን አንድ ዜማ ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ሳህን እያጠብኩ ሰምቼው ነበር። ታክሲ ውስጥም ሞክሬዋለሁ። ሁሌም "ደስ ይላል" ብዬ አልፈው ነበር። ያን ማታ ግን አንዲት ሴት ከመዘመሯ በፊት አየር ስትስብ ጨለማው ውስጥ ሰማኋት። ከዚያ ድምፁ ወጣ። እስኪያልቅ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነቃነቅኩም። ሲያልቅ ደገምኩት። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ አንድ ዜማ ብቻ ነው የሰማሁት።

ዜማው ከ850 ዓመት በፊት ጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር፣ በሴቶች ገዳም የተዘመረ ነው። የደረሰችው የቢንገኗ ሂልዴጋርድ ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው "እስቲ እኔም ልስማው፣ ግን ከየት ልጀምር?" ብሎ ጠይቆኛል። መልሴን አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከመስማታችሁ በፊት ማንን እንደምትሰሙ እወቁ

አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሂልዴጋርድ የተወለደችው በ1098 ነው። ገና በልጅነቷ ለእግዚአብሔር የተሰጠች ናት። በ1112 ዩታ ከምትባል መኳንንት ሴት ጋር ዲሲቦደንበርግ በሚባል የወንዶች ገዳም አጠገብ ዘግታ ተቀመጠች። ዩታ በ1136 ስታርፍ ሴቶቹ ሂልዴጋርድን አለቃቸው አድርገው መረጧት። በ1150 ገደማ 20 ያህል እህቶቿን ይዛ ወጣችና ቢንገን ከተማ አጠገብ ሩፐርትስበርግ በሚባል ኮረብታ ላይ የራሳቸውን ገዳም መሠረተች። ከነበሩበት ገዳም አበምኔት ፈቃድ ያገኘችው በብዙ ጭቅጭቅ ነው። ያረፈችው በ1179፣ በ81 ዓመቷ ነው።

77 ያህል ዜማዎቿ ደርሰውናል። ከዚያ ዘመን በስም ከሚታወቁ ደራሲዎች ይህን ያህል የተረፈለት በጣም ጥቂት ነው። እሷ ራሷ የዜማ ምልክትም ሆነ መዝሙር ሳልማር ነው የደረስኩት ብላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሴት በጉባኤ ዝም ትበል የሚለው የጳውሎስ ቃል በጥብቅ ይጠቀስ ነበር። በከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት ወንዶችና ወንድ ልጆች ናቸው። በሴቶች ገዳም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቅዳሴውን የሚቀድስ ካህን ከውጭ ይመጣል። የሌሊቱንና የቀኑን ጸሎት የሚያደርሱት ግን ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በቤኔዲክት ሥርዓት 150ው መዝሙረ ዳዊት በየሳምንቱ ይዳረሳል። የሌሊቱ ጸሎት ሳይቆጠር በቀን ሰባት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች ሕይወታቸውን ሙሉ፣ በየቀኑ ለሰዓታት፣ አብረው የዘመሩ ናቸው። የሂልዴጋርድ ዜማ የተሰፋው በእነሱ ልክ ነው።

2. ቀረጻ ምረጡ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዩቲዩብ ላይ ስሟን ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ብዙ ጊዜ ከስር ሲንተሳይዘር የተደፋበት፣ የዝናብና የወፍ ድምፅ የተጨመረበት፣ "ለእንቅልፍና ለመዝናናት" ተብሎ የተለጠፈ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ነው። እሱን እለፉት። ዜማው እንደ መዓዛ ክፍሉ ውስጥ እንዲረጭ ተደርጎ ተበርዟል። የምንፈልገው የሰው ድምፅ ነው።

በእኔ ምርጫ በሁለት ቀረጻዎች ጀምሩ።

የመጀመሪያው ጎቲክ ቮይስስ የሚባለው የእንግሊዝ ቡድን በክሪስቶፈር ፔጅ መሪነት ሠርቶ በ1982 ያወጣው ነው። እንግሊዛዊቷ ዘማሪት ኤማ ከርክቢ የምትዘምረው እዚህ ነው። ሂልዴጋርድን ለዘመናችን ሰፊ አድማጭ ያስተዋወቀው ይህ ቀረጻ ነው ማለት ይቻላል። የከርክቢ ድምፅ ቀጥ ያለ ነው። አይርገበገብም፣ አያጌጥም። እንደ ንጹህ የምንጭ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ሴኩዌንሺያ የሚባለው ቡድን ነው። በ1977 ባርባራ ቶርንተንና ቤንጃሚን ባግቢ መሠረቱት። የሂልዴጋርድን ሥራ በሙሉ ለመቅረጽ ብዙ ዓመት የደከሙ ናቸው። ቶርንተን በ1998 አረፈች። በ1994 የወጣው የሴቶች ቀረጻቸው፣ ስሙ በአማርኛ "የተመስጦ መዝሙሮች" እንደ ማለት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ነው። ሴቶቹ በብዛት ሆነው ሲዘምሩ ጉልበት አላቸው። መነኮሳይያት ሲባል ለስላሳና ደካማ ድምፅ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀረጻ ሐሳቡን ያስቀይረዋል።

ሁለቱም ዩቲዩብና ሌሎች የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ይገኛሉ። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉ የቡድኑን ስም አብራችሁ ጻፉ። ያኔ ያ የዝናብ ድምፅ ቪዲዮ ወደ ታች ይወርዳል።

3. ስልኩንና ቤቱን አዘጋጁ

ኢንተርኔት ሲረክስ፣ በሌሊት ጥቅልም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ አውርዱት። ዜማው መሃል ላይ ማስታወቂያ ቢገባባችሁ ያ ማታ አለቀ ማለት ነው። ስልኩን ከጥሪ ነጻ አድርጉት። አንዱ ሲያልቅ ሌላ የሚያስከትለውን ቅንብር አጥፉ። የቤዝ ማጉያ ካለም አጥፉት። እዚህ ምንም ከበሮ የለም፣ ቤዙ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑን ማሚቶ ብቻ ነው የሚያጨማልቀው።

ኢርፎን ይሻላል። ውድ መሆን የለበትም። ስፒከር ከሆነ ከጆሯችሁ ራቅ አድርጋችሁ ጥግ አስቀምጡት። ድምፁን መጀመሪያ ዝቅ አድርጉ፣ ምክንያቱም ዜማው በዝግታ ጀምሮ ድንገት ከፍ ይላል።

ሰዓቱ ማታ ወይም ንጋት ይሁን። ጎረቤት ቴሌቪዥን ያጠፋበት ሰዓት ካለ እሱ ነው የእናንተ ሰዓት።

4. አንድ ዜማ ብቻ ያዙ

ዋናው ነገር ይህ ነው። አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አትስሙ። መጀመሪያ ቀን እንደዚያ ያደረገ ሰው "ሁሉም አንድ ዓይነት ነው" ብሎ ይተወዋል። አልፈርድበትም። አንድ አጭር ዜማ መርጣችሁ በእሱ ላይ ቆዩ።

እኔ የምመርጥላችሁ "ካሪታስ አቡንዳት" የሚለውን ነው። በሴኩዌንሺያው የ1994 ቀረጻ ውስጥ አለ። አንቲፎን ይባላል። ከመዝሙረ ዳዊት በፊትና በኋላ የሚዘመር አጭር ዜማ ማለት ነው። ቃሎቹን ወረቀት ላይ በእጃችሁ ጻፉ፦

ካሪታስ አቡንዳት ኢን ኦምኒያ
ዴ ኢሚስ ኤክሴለንቲሲማ ሱፐር ሲዴራ
አትኴ አማንቲሲማ ኢን ኦምኒያ
ኲያ ሱሞ ሬጂ ኦስኩሉም ፓቺስ ዴዲት

ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ ፍቅር በሁሉ ሞልታ ትፈስሳለች። ከጥልቁ ተነሥታ ከከዋክብት በላይ እጅግ ከፍ ብላለች። ሁሉንም አብዝታ ትወዳለች። ለልዑሉ ንጉሥ የሰላምን መሳም ሰጥታዋለችና።

በአማርኛ ፍቅርን ብዙ ጊዜ በወንድ ነው የምንጠራው። በላቲን ግን ካሪታስ ሴት ናት። ሂልዴጋርድም በራእይዋ ያየቻት በሴት አምሳል ነው። እንግዲህ ትዕይንቱን አስቡት። ፍቅር የተባለችው ሴት ወደ ንጉሡ ቀርባ የሰላም መሳም ትሰጠዋለች። የሰላም መሳም በዚያ ዘመን ቅዳሴ ውስጥ የታወቀ ሥርዓት ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" ሲል የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያው መስማት ወረቀቱን አትዩ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ምንም አትፈልጉ። ዝም ብላችሁ አሳልፉት።

በሁለተኛው ጣታችሁን ቃሉ ላይ አድርጉና ተከተሉ። ጣታችሁ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ ሲቀር ታያላችሁ። ድምፁ ይሄዳል፣ ፊደሉ ግን አያልፍም። አንዱን አናባቢ ይዘው እየወጡ እየወረዱ ይዘረዝሩታል። ድጓ የሰማ ጆሮ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። የእኛ ርክርክ አንዱን ቃል ይዞ ምን ያህል እንደሚያቆይ የሚያውቅ ሰው "መቼ ነው የሚያልፉት?" ብሎ አይቸኩልም። ሌሊቱን ማኅሌት የቆመማ ጭራሽ ቤቱ ነው። ዜማው የተለየ ነው፣ ሥርዓቱም የተለየ ነው። ትዕግሥቱ ግን አንድ ነው።

በሦስተኛው እርሳስ ያዙ። ድምፁ ሲወጣ መስመሩን ወደ ላይ፣ ሲወርድ ወደ ታች እየሳባችሁ ሳታነሱ ተከተሉት። ስዕሉ ማማር የለበትም። "ዴ ኢሚስ" ጥልቁ ነው፣ "ሱፐር ሲዴራ" ከከዋክብት በላይ ነው። ስትጨርሱ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መስመራችሁ የት እንዳለ እዩ። ቃሉና ዜማው እንዴት እንደተያያዙ ከማንም ማብራሪያ በላይ ወረቀታችሁ ያሳያችኋል። የሂልዴጋርድ ዜማ ሰፊ ነው። ብዙው የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከስምንት ድምፅ (ኦክታቭ ከሚባለው) እምብዛም አይወጣም። የእሷ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል፣ ሁለት ስምንት የሚያልፍም አለ። መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ አምስት ድምፅ ዘልሎ መነሣትም ልማዷ ነው። ጆሯችሁ ያንን ዝላይ አንዴ ከለየ ሌላ ቦታም ያውቀዋል።

በአራተኛው ትንፋሹን ብቻ ስሙ። ሴቶቹ አየር የሚስቡት የት ነው? አብረው ነው ወይስ በየተራ? ከሳቡ በኋላ የሚመጣው ሐረግ ምን ያህል ይረዝማል? እናንተም አብራችሁ ሳቡና አብራችሁ አስወጡ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ትንፋሽ ያጥራችኋል። የእነዚያ ሴቶች ደረት ምን እንደሚችል የምታውቁት ያኔ ነው።

በአምስተኛው አንጎራጉሩ። ወንድ ከሆናችሁ አንድ ስምንት ዝቅ አድርጋችሁ። ብትስቱም ግድ የለም።

እዚህ ላይ ለዛሬ ይብቃ። ነገ ማታ ደግማችሁ ያንኑ ስሙት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ቡና እየጠጣችሁም ሆነ መንገድ ላይ፣ ራሱ ይመጣላችኋል። ያኔ ሁለተኛ ዜማ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። ለሁለተኛ "ኦ ቪርቱስ ሳፒየንሲዬ" ይሁን። ስለ ጥበብ ነው። ጥበብ ሦስት ክንፍ አላት ይላል። አንዱ ወደ ላይ ይበርራል፣ ሁለተኛው ከምድር ያልባል፣ ሦስተኛው በየአቅጣጫው ይበርራል። "ከምድር ያልባል" የምትለዋን ሐረግ እወዳታለሁ። ለአማርኛ ተናጋሪ ላብና ወዝ ማለት የቀረበ ነገር ነው። ክንፍ እንዴት ከምድር ይወዛል ብላችሁ ከገረማችሁ ዜማውን እንደገና ስሙት።

5. ሁለት ቡድን አንዱን ዜማ ሲዘምሩት አስተያዩ

ካሪታስን በሌላ ቡድን ፈልጉ። ብዙ አለ። ወዲያው አራት ልዩነት ታገኛላችሁ።

ከፍታው ይለያያል። በዚያ ዘመን ለድምፅ ከፍታ የተወሰነ ቁርጥ መለኪያ የለም። አንዱ ቡድን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ቢጀምር ስህተት አይደለም።

ፍጥነቱም ይለያያል። የተጻፈው የዜማ ምልክት የትኛው ድምፅ ከየትኛው ከፍ እንደሚል ይነግራል። ምን ያህል እንደሚረዝም ግን አይነግርም። ስለዚህ አንዱ ቡድን እንደ ንግግር ያፈጥነዋል፣ ሌላው ያሳርፈዋል።

ሦስተኛው ከስር ሳይንቀሳቀስ የሚዘልቅ ድምፅ ነው። አንዳንዱ ቀረጻ ላይ ከዜማው በታች አንድ ድምፅ ብቻ ተጎትቶ ይሄዳል፣ በሰው ወይም በመሣሪያ። ጎቲክ ቮይስስም በአንዳንዶቹ ላይ አድርገውታል። ዜማዎቿ በተጻፉበት ጥንታዊ ብራና ላይ ግን ይህ የለም። ብራናው የያዘው አንድ የዜማ መስመር ብቻ ነው፣ መሣሪያም አይጠቅስም። ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። የእኔ ጆሮ ባዶውን ይመርጣል። ከስር ድጋፍ ሲኖር ዜማው የተቀመጠ ይመስለኛል። ድጋፉ ሲነሣ ይበርራል። እናንተ ግን ሁለቱንም ሰምታችሁ ወስኑ።

አነጋገሩም ይለያያል። የመጨረሻው ሐረግ ላይ "ፓቺስ" የሚሉ አሉ፣ የጣልያን አነጋገር ነው። "ፓጺስ" የሚሉም አሉ፣ የጀርመን ነው። ሂልዴጋርድና እህቶቿ ጀርመኖች ስለነበሩ ሁለተኛው ወደ እነሱ ይቀርባል።

6. ብራናውን በዓይናችሁ እዩት

ዜማዎቿ የሚገኙበት ትልቁ መጽሐፍ ቪስባደን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። "ግዙፉ ኮዴክስ" ይሉታል። 481 ቅጠል ነው፣ 15 ኪሎ ይመዝናል። ገጾቹ ፎቶ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጥንቃቄ ተብሎ ድሬስደን ወደሚገኝ የባንክ ካዝና ተወሰደ። ድሬስደን በ1945 በቦምብ ስትነድ ከተማዋ ወደመች፣ መጽሐፉ ግን ተረፈ። ወደ ቪስባደን የተመለሰው በ1948 ነው፣ ያውም በድብቅ። አብሮት የተላከው ሌላው በሥዕል ያጌጠ የራእይዋ መጽሐፍ ግን ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ደግነቱ ከጦርነቱ በፊት መነኮሳይያት በእጃቸው ገልብጠውት ነበር።

ገጹን ከፍታችሁ ዜማውን አጫውቱ። ላቲን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። አንድ ፊደል ላይ የተደረደሩትን ነጠብጣቦችና ጭረቶች ብቻ ተከተሉ። ደረጃ 4 ላይ በእርሳስ የሳላችሁት መስመር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

7. ዝም የተባሉበትን ጊዜ አስታውሳችሁ ስሙ

ይህ ደረጃ የጆሮ ብቻ አይደለም።

በ1178 ሂልዴጋርድ 80 ዓመቷ ነበር። አንድ መኳንንት በገዳሟ መቃብር ተቀበረ። ሰውየው ቀድሞ ተወግዞ ነበር። ከመሞቱ በፊት ግን ንስሐ ገብቶ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቋል፣ ቁርባንም ተቀብሏል። የማይንትስ ሀገረ ስብከት አለቆች ይህን አልተቀበሉም። አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ይጣል ብለው አዘዙ። ሂልዴጋርድ እምቢ አለች።

ቅጣቱ መጣ። በገዳሙ ቅዳሴ እንዳይቀደስ፣ መነኮሳይያቱም እንዳይቆርቡ ተከለከለ። ጸሎታቸውንም እንዳይዘምሩ ተከለከሉ። በሹክሹክታ ማንበብ ብቻ ተፈቀደላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቀኑ ሲዘምሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው እንግዲህ።

ሂልዴጋርድ ትእዛዙን እያከበረች ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው እስካሁን አለ። አዳም ከመውደቁ በፊት ድምፁ ከመላእክት ዜማ ጋር ይስማማ ነበር ትላለች። ሰው ሲዘምር ያንን ድምፅ ያስታውሳል። ዲያብሎስ ደግሞ ይህን ስላወቀ ዝማሬን ለማጥፋት ይሠራል። ያለ በቂ ምክንያት የእግዚአብሔርን ምስጋና ዝም ያሰኘ ሰው በሰማይ ከመላእክት ምስጋና ጋር ድርሻ አይኖረውም ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ነፍስ ራሷ ዜማ ናት የሚለው ሐሳቧም እዚያው ደብዳቤ ላይ ነው ያለው።

በ1179 ክልከላው ተነሣ። ሴቶቹ እንደገና ዘመሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 17 ሂልዴጋርድ አረፈች።

አሁን ካሪታስን አንድ ጊዜ በአፋችሁ በሹክሹክታ ብቻ አንብቡት። ከጽሑፉ ጀምሩ፣ በዝግታ እስከ "ዴዲት"። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ከዚያ ዜማውን ክፈቱት። እኔ ይህን መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው አለቀስኩ። ለእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ሂልዴጋርድ "ኦርዶ ቪርቱቱም" የሚባል የዜማ ድራማ አላት። ስለ አንዲት ነፍስና ስለ ምግባራት ነው። ትሕትና፣ ፍቅር፣ ትዕግሥት ሁሉም ይዘምራሉ። ዲያብሎስ ብቻ አይዘምርም። ይጮኻል፣ ይናገራል፣ ዜማ ግን አልተሰጠውም። ከደብዳቤው በኋላ ይህን ስትሰሙ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባችኋል። ረጅም ስለሆነ ለበዓል ቀን አቆዩት።

8. የሚያስቸግሩ ነገሮች

እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ተኝታችሁ የምትሰሙት ከሆነ ለእንቅልፍ ነው የሚሆነው። መነኮሳይያቱ ራሳቸው ቆመውና ተቀምጠው ነው የዘመሩት።

ሁሉም አንድ ዓይነት ከመሰላችሁ ዜማ አብዝታችኋል ማለት ነው። ወደ አንዱ ተመለሱ።

"ይህ የካቶሊክ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ወይም ሙስሊም ነኝ፣ ልስማው?" የሚለኝ ሰው አለ። እንደ ጸሎት መስማትና እንደ ጥበብ መስማት ይለያያሉ። ልባችሁ የፈቀደላችሁን ያህል ስሙ። በዚህ ላይ ማንንም አልጫንም።

9. ከሂልዴጋርድ ቀጥሎ

አንድ ወር ከእሷ ጋር ከቆያችሁ በኋላ ወደ ሁለት አቅጣጫ መሄድ ትችላላችሁ።

ወደ ምሥራቅ ከሆነ ካሲያ አለች። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጥንጥንያ የኖረች መነኩሲት ናት፣ ከሂልዴጋርድ 300 ዓመት ገደማ ትቀድማለች። በኢየሱስ እግር ሥር አልቅሳ ሽቱ ስለቀባችው ኃጢአተኛ ሴት የደረሰችው ዝማሬ በግሪክ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ማታ፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ይዘመራል። በእኛም የሕማማት ረቡዕ የመልካም መዓዛ ቀን፣ የእንባ ቀን ይባላል። አንድ ሴት፣ አንድ ሽቱ፣ አንድ ቀን። ቮካሜ የሚባለው የሙኒክ የሴቶች ቡድን ዜማዎቿን ቀርጿል።

ወደ ምዕራብ ከሆነ ስፔን ቡርጎስ ከተማ ውስጥ ላስ ዌልጋስ የሚባል የሴቶች ገዳም አለ። በ1187 የተመሠረተ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ የዜማ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ እዚያው ገዳም ውስጥ ነው። እዚህ ዜማው ነጠላ አይደለም። ሁለትና ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ይዘምራል። ለመነኮሳይያቱ የድምፅ ልምምድ ተብሎ የተጻፈ እንኳ አለበት። ስትሰሙ መጀመሪያ የታችኛውን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፣ ከዚያ የላይኛውን፣ መጨረሻ ላይ አብሮ።

አኖኒመስ 4 የሚባሉትን አራት የኒውዮርክ ሴቶችም ታገኛላችሁ። በ1986 ተሰባስበው እስከ 2015 የዘመሩ ናቸው። የአራቱ ድምፅ ሲገጥም ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። ሂልዴጋርድንም ዘምረዋል። ነገር ግን ከሚዘምሩት ውስጥ ብዙው በጥንት ጊዜ ወንዶች የዘመሩት ነው። ሴት ስለዘመረችው ብቻ ለሴት የተደረሰ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለይታችሁ ስሙ።

10. ጀርመን ያላችሁ ሂዱና በአካል ስሙ

ፍራንክፈርት ብዙ ያገራችን ሰው አለ። ከዚያ ተነሥታችሁ በራይን ዳር ወደ ሩደስሃይም በሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከከተማዋ በላይ፣ በወይን እርሻ መሃል፣ በአይቢንገን የቅድስት ሂልዴጋርድ ገዳም ይታያችኋል። ሂልዴጋርድ የመሠረተችው የሩፐርትስበርግ ገዳም በ1632 በጦርነት ወድሟል። የአሁኑ የአይቢንገን ሕንጻ የቆመው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። መነኮሳይያቱ ግን ዛሬም የቀኑን ጸሎት በዜማ ያደርሳሉ፣ እንግዳም ተቀምጦ መስማት ይችላል። የሂልዴጋርድ አጽም ያለው ከታች፣ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

የሠርኩን ጸሎት ምረጡ። ሰዓቱን ከገዳሙ ድረ ገጽ አይታችሁ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ስልክ አጥፉ፣ አትቅረጹ። ሂልዴጋርድን ይዘምሩልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፣ የምትሰሙት በአብዛኛው መዝሙረ ዳዊት ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ለሁለት ከፍለው ነው የሚዘምሩት። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው የተሳሳቱ ይመስለዋል። አንገቱን ያዞራል። እናንተ አትዙሩ፣ አብራችሁ አየር ሳቡ። ሁለተኛው አጋማሽ አሁን ይመጣል።